ቅቤ ለምን ይረጋል?
ስለ ቅባቶች ኬሚስትሪ ታሪክ

በማስተማር ልምምድ ላይ ያሉ እጩ መምህራንን ለመገምገም ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ከክፍሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ስለ ሊፒዶች ነው። እጩ መምህሩ «ሊፒዶች በውሃ የማይሟሙ ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገሮች ናቸው» ብሎ በሰሌዳው ላይ ጻፈና ተማሪዎቹ እንዲገለብጡ አዘዘ። በዚህ መካከል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የኑግ ዘይት ግን ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ቢያድርም አይረጋም። ሁለቱም ሊፒድ ከሆኑ ልዩነታቸው ከምን መጣ?» ስትል ጠየቀች። እጩ መምህሩ ጥቂት አሰበና «ተፈጥሯቸው ነው» ብሎ አለፈ።

«ተፈጥሯቸው ነው» ማለት ስህተት አይደለም፤ መልስ ግን አይደለም። በዚህ እጩ መምህሩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። እኔም በተማሪነቴ ስለ ቅባት የተማርኩት ከአንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይገኛል የሚለውን ነበር፤ ለፈተናም ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም። የልጅቷ ጥያቄ ግን ከ200 ዓመት በላይ ብዙ ሰዎችን ያደከመ ጥያቄ ነው። መልሱ ሲገኝም ከወጥ ቤት አልፎ ስለ ሕዋስ አሠራር፣ ስለ ሕፃናት ቆዳና ስለ ልብ በሽታ ብዙ ነገር አሳውቋል። ከክፍሉ ስንወጣ ለእጩ መምህሩ የነገርኩትን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼና ለተማሪዎችም ይጠቅማል ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በአማርኛ ቅቤ፣ ዘይት፣ ሞራ፣ ጮማ፣ ሰም እያልን እያንዳንዱን በየስሙ እንጠራለን። ቅባት የሚለው ቃል አብዛኞቹን ቢሰበስብም ሰምን ቅባት የሚል ሰው የለም። ኬሚስቶች ግን የጧፉን ሰም፣ የድስቱን ዘይትና በሐሞት ጠጠር ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል በአንድ ስም ሊፒድ ብለው ይጠራሉ። ቃሉ ስብ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። እነዚህን ነገሮች አንድ የሚያደርጋቸው በውሃ ሳይሆን እንደ ኤተርና ክሎሮፎርም ባሉ ፈሳሾች መሟሟታቸው ነው። እንግዲህ ሊፒድ በአንድ ዓይነት አሠራር ሳይሆን በአንድ ዓይነት ጠባይ የተሰባሰበ ቤተሰብ መሆኑን ከወዲሁ መረዳት ይጠቅማል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሳሙና ነው። የሰው ልጅ ሞራን ከአመድ ውሃ ጋር እያፈላ ሳሙና ሲሠራ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የነበሩ ሊቃውንት ሳሙና ማለት ስቡና አልካሊው እንዳሉ የተዋሐዱበት ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1811 ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሚሼል ኡዤን ሼቭረል የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ኬሚስት ከአሳማ ስብና ከፖታሽ የተሠራ ሳሙና እንዲመረምር ተሰጠው። እርሱም በሳሙናው ላይ አሲድ ቢጨምርበት የሚያብረቀርቅ ነጭ ነገር ተለይቶ ወጣ። የመጀመሪያው ስብ ተመልሶ መጣ እንዳይባል ይህኛው በአልኮል በቀላሉ ይሟሟል፤ ሊትመስንም ያቀላል። ማለትም አሲድ ነው። ከስብ ውስጥ አሲድ ይወጣል ብሎ የጠበቀ ግን አልነበረም።

ሼቭረል በዚህ ሥራ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። የሰውን፣ የበግን፣ የበሬንና የሌሎችንም እንስሳት ስብ፣ ቅቤንም ጭምር በየተራ መረመረ። ከቅቤ ያገኘው አንዱ አሲድ ቅቤ ሲበላሽ የምናሸተው ያ ኃይለኛ ሽታ ያለው ነው፤ ቡቲሪክ አሲድ የተባለውም ቅቤ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ካፕሮይክ ለተባለው ደግሞ ሽታው ከፍየል ስም አውጥቶለታል። ስታሪክና ኦሌይክ የተባሉትን ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምናያቸውን አሲዶች የለየም እርሱ ነው። ከአሲዶቹ ጋር የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ቀደም ሲል በ1779 ካርል ቪልሄልም ሼለ በተባለ ስዊድናዊ ፋርማሲስት ከወይራ ዘይት ተገኝቶ ነበር። ሼቭረል ግሊሰሪን አለው። ዛሬ ከፋርማሲ ገዝተን በብርድ ወቅት እጃችንን የምንቀባው ይኸው ግሊሰሪን ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለክፍል ትምህርት የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሚዛን ነው። ሼቭረል የአሲዶቹንና የግሊሰሪኑን ክብደት ሲደምር ከመጀመሪያው ስብ በልጦ አገኘው። ትርፉ ከየት መጣ? ከውሃ ነው። ስቡ ሲፈርስ ውሃ ገብቶበታል፤ ስለዚህ ሲሠራ ውሃ ወጥቶለት ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው የመቅለጫ ነጥብ ነው። አንድ አሲድ ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ በአልኮል እያሟሟ ደጋግሞ ያረጋው ነበር። የሚቀልጥበት የሙቀት መጠን ከዚያ በኋላ አልለወጥ ሲል ነው ንጹሕ ነው ብሎ የሚቀበለው። ቴርሞሜትር ያለው ማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራበት የሚችል ዘዴ ነው።

ውጤቱን በ1823 በመጽሐፍ አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከጌ-ሉሳክ ጋር ሆኖ ከስታሪክ አሲድ ሻማ ለመሥራት የባለቤትነት ፈቃድ አወጣ። የሞራ መብራት ሲጠፋ የሚተወውን ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሆነ ይገባዋል። ያ ጭስ የሚመጣው ግሊሰሪኑ ሲቃጠል ስለሆነ፣ ግሊሰሪኑ የወጣለት ሻማ በንጽሕና ይነዳል።

በ1854 ማርሴለን ቤርተሎ የተባለው ሌላ ፈረንሳዊ መንገዱን በተቃራኒው ሄደበት። ግሊሰሪንንና የቅባት አሲድን በተዘጋ ቱቦ ውስጥ አሙቆ ስብ ሠራ። አንድ ግሊሰሪን ሦስት አሲዶችን ሊይዝ እንደሚችልም አሳየ። በመሆኑም ስብም ሆነ ዘይት ባለሦስት ጣት ሹካ ይመስላል ብለን ለተማሪዎች ብንነግራቸው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። እጀታው ግሊሰሪን ነው፤ ጣቶቹ የካርቦን ሰንሰለት ያላቸው የቅባት አሲዶች ናቸው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ መቅረብ ይቻላል። እጀታው በቅቤም በኑግ ዘይትም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ከጣቶቹ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 18 ካርቦን ያላቸውን ሦስት አሲዶች እንውሰድ። ስታሪክ አሲድ በካርቦኖቹ መካከል ምንም ድርብ ትስስር የለውም፤ የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ኦሌይክ አሲድ አንድ ድርብ ትስስር አለው፤ በ13 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ሊኖሌይክ አሲድ ሁለት አለው፤ የሚቀልጠው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ ነው። ክብደታቸው ተቀራራቢ፣ ርዝመታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል የሚለያዩት በቅርጽ ነው። ድርብ ትስስር የሌለው ሰንሰለት ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ ተከመረ አጣና ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ለመለያየትም ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። በተፈጥሮ የሚገኘው ድርብ ትስስር ግን ሰንሰለቱን ያጎብጠዋል። የጎበጠ እንጨት ሲከመር ክፍተት እንደሚተው ሁሉ እነዚህም በደንብ አይጠጋጉም። ቅቤ ቀጥ ያሉት ይበዙበታል። በኢትዮጵያ የኑግ ዘይት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 70 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ነው።

ለጥያቄው መልስ ይህ ይበቃ ነበር። ታሪኩ ግን በዚህ አላቆመም፤ የቅርጹ ነገር ማንም ባልጠበቀው ቦታ ደግሞ ተነሣ።

ዘይት በውሃ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1774 ባሳተመው ጽሑፍ በለንደን አጠገብ ባለ ኩሬ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ቢያፈስ ዘይቱ ተዘርግቶ ግማሽ ኤከር ያህል ውሃ እንደ መስተዋት ጸጥ እንዳደረገው ይተርካል። ፍራንክሊን ስሌት አልሠራም፤ እኛ ግን ከተማሪዎች ጋር እንሥራው። ግማሽ ኤከር 2,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ማንኪያው 5 ሲሲ ይይዛል ብንልና ለቦታው ስፋት ብናካፍለው፣ የዘይቱ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር አራት መቶ ሺህኛው ይሆናል። ይህ ለአንድ የዘይት ሞለኪውል ርዝመት የቀረበ ነው። በማንኪያና በኩሬ ብቻ ሞለኪውልን መለካት ተችሎ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለማስተዋል ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ያስተዋለችውም ዩኒቨርሲቲ ያልገባች ሴት ናት። አግነስ ፖክልስ ብራውንሽቫይግ በተባለች የጀርመን ከተማ ወላጆቿን እያስታመመች ትኖር ነበር። በዚያን ጊዜ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ አይገቡም ነበርና የፊዚክስ መጻሕፍት የሚያመጣላት ተማሪ የነበረው ወንድሟ ነው። ከ1880ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በወጥ ቤት ውስጥ፣ ውሃ በሞላ ሳሕን ላይ ትንሽ ዘይት እያደረገች፣ የቆርቆሮ ቁራጭ እያንሸራተተች ዘይቱ የተኛበትን ቦታ ስታጠብና ስታሰፋ የውሃውን የገጽ ውጥረት ትለካ ነበር። የሥራዋን ውጤት የሚያይላት ስላላገኘች በጥር 1891 ለታዋቂው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ራሌይ በጀርመንኛ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤውን ባለቤቱ ተረጎመችለት፤ እርሱም ኔቸር ለተባለው መጽሔት ላከውና በዚያው ዓመት መጋቢት ታተመ። ቤተ ሙከራ የለንም እያልን ለምናዝን መምህራን የዚች ሴት ሳሕን ሊጠቀስ የሚገባው ይመስለኛል።

በ1917 ኧርቪንግ ላንግሙየር የተባለ አሜሪካዊ የእርሷን ዘዴ አሻሽሎ ሞለኪውሎቹ በውሃው ላይ እንዴት እንደሚቆሙ አሳየ። አሲድ የሆነው ራሳቸው ውሃ ይወዳልና ወደ ውሃው ይገባል፤ የካርቦን ጅራታቸው ውሃ ይጠላልና ወደ ላይ ይቆማል።

ይህ ዘዴ ወደ ሕያው አካል የተሻገረው በ1925 ነው። የሕፃናት ሐኪም የነበረው ኤቨርት ጎርተርና ባልደረባው ግሬንደል በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ከሰውና ከእንስሳት ቀይ የደም ሕዋሶችን ወስደው ሊፒዱን በአሴቶን አወጡ፤ በውሃም ላይ ዘርግተው ስፋቱን ለኩ። ስፋቱ ከሕዋሶቹ ጠቅላላ ገጽ ሁለት እጥፍ ሆነ። ስለዚህ የሕዋስ ሽፋን ሊፒድ በሁለት ረድፍ የተደረደረበት ነው አሉ። ጅራት ከጅራት ጋር ወደ ውስጥ ይገናኛል፤ ራሶቹ አንዱ ረድፍ ወደ ውጪ፣ ሌላው ወደ ሕዋሱ ውስጥ ወዳለው ውሃ ያያሉ። እነዚህ ፎስፎሊፒድ የሚባሉት ናቸው። ሁለት ጅራት ብቻ አላቸው፤ በሦስተኛው ጣት ቦታ ፎስፌት ያለበት ራስ ይገኛል። ቀድሞ ቴዎዶር ጎብሌይ የሚባል የፓሪስ ፋርማሲስት ከእንቁላል አስኳል አግኝቶ ሌሲቲን ያለው ከእነዚሁ አንዱ ነው።

የሚያስገርመው ግን እነ ጎርተር ሁለት ስህተት መሥራታቸው ነው። አሴቶን ሊፒዱን በሙሉ አያወጣም፤ የሕዋሱንም ስፋት ከእውነተኛው አሳንሰው ገምተዋል። አንዱ ስህተት ሌላውን አጣፋውና ትክክለኛው መልስ ላይ ደረሱ። ይህ በ1960ዎቹ ሥራው እንደገና ሲሠራ ነው የታወቀው። ለተማሪዎች ስነግራቸው ይስቃሉ፤ «እንግዲያው እኛም ተሳስተን እንለፍ» ያለኝም አለ።

በ1972 ሲንገርና ኒኮልሰን ሽፋኑ የረጋ ግድግዳ ሳይሆን ፕሮቲኖች የሚንሳፈፉበት ፈሳሽ መሰል ነገር መሆኑን ጻፉ። እዚህ ላይ የቅቤና የዘይቱ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ የሕዋስ ሽፋን እንደ ቅቤ ቢረጋ ሕዋሱ ሥራውን ሊሠራ አይችልም። በቀዝቃዛ ውሃ የሚኖሩ ዓሦች በሽፋናቸው ውስጥ የጎበጡትን አሲዶች የሚያበዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ምግብ ደግሞ የቆየው እምነት፣ ስብ የተጠራቀመ ማገዶ ነው የሚል ነበር። እህል ብቻ የበላ አሳማ እንደሚወፍር የታወቀ ስለሆነ ሰውነት ስብን ራሱ ይሠራል፤ ቫይታሚኖቹ ከተገኙ ስብ መብላት አያስፈልግም ይባል ነበር። በ1929 አሜሪካ ውስጥ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ በርና ባለቤቱ ሚልድረድ በር ይህን በአይጦች ፈተኑት። አይጦቹን ስብ ፈጽሞ በሌለው፣ ከተጣራ ፕሮቲንና ከስኳር በተሠራ ምግብ አሳደጓቸው፤ ማዕድናቱንና ቫይታሚኖቹን ግን አላጎደሉባቸውም። በጥቂት ወራት ውስጥ የአይጦቹ እግርና ጅራት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተሰነጣጠቀ። ዕድገታቸው ቆመ፤ ኩላሊታቸው ታመመ፤ ሞቱም። ውሃ እጅግ ይጠጡ ነበር፤ ውሃው ግን በቆዳቸው ያመልጥ ነበር። በየቀኑ ጥቂት ጠብታ ሊኖሌይክ አሲድ ሲሰጣቸው ግን ዳኑ። በ1930 ባወጡት ሁለተኛ ጽሑፍ ይህንን አሲድ ሰውነት ሊሠራው የማይችል፣ ያለ እርሱ የማይኖርበት ብለው ሰየሙት።

ብዙዎች አላመኗቸውም። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ለስድስት ወር ያህል ስብ የሌለው ምግብ ቢበላ ምንም ስላልሆነ ነገሩ ለሰው አይሠራም ተባለ። ጎልማሳው ግን በገላው ውስጥ ያጠራቀመው ነበረው። ያጠራቀሙት ነገር የሌላቸው ሕፃናት ናቸው፤ በ1963 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ስቡ የወጣለት ወተት የሚጠጡ ሕፃናት ቆዳቸው እየደረቀ እንደሚቀረፍና ሊኖሌይክ አሲድ ሲያገኙ እንደሚሻላቸው አሳየ። ሰውነታችን በዚያ ልክ ሁለተኛውን መታጠፊያ ሊሠራ አይችልም፤ ከዕፅዋት መቀበል አለበት። በጾም ወጥ የሚገባው የኑግ ዘይት ይህን አሲድ በብዛት ይሰጣል። ተልባ ደግሞ የሁለተኛው አስፈላጊ አሲድ፣ ማለትም አልፋ-ሊኖሌኒክ የተባለው፣ ጥሩ ምንጭ ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ «ስብ ጎጂ ነው» ብሎ በደፈናው ማስተማርም «ኃይል ሰጪ ነው» ብሎ ማለፍም እኩል ጎዶሎ ነው እላለሁ።

የቅርጹን ነገር ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል ያሳየው ግን የፋብሪካው ታሪክ ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን በ1902 ፈሳሽ ዘይትን በኒኬል ዱቄት ረዳትነት ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ ለማርጋት የሚያስችል የባለቤትነት ፈቃድ አገኘ። ሃይድሮጅኑ ድርብ ትስስሩን ያጠፋል፤ የጎበጠው ይቃናል፤ ዘይቱ ይረጋል። ለሳሙናና ለሻማ ሞራ ሲወደድ ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር። በ1911 ከጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራ የረጋ የምግብ ቅባት አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ርካሽ ነው፤ ቶሎ አይበላሽም፤ ለኬክና ለብስኩት ይመቻል። ሥራው ከፊል ላይ ሲቆም ግን አንዳንዱ ድርብ ትስስር ሳይጠፋ ይቀርና ይገለበጣል። በተፈጥሮ ቅርጹ የሰንሰለቱ ሁለት ክንዶች ከትስስሩ በአንድ ወገን ናቸው፤ ሲስ ይባላል። ሲገለበጥ ክንዶቹ በተቃራኒ ወገን ይሆኑና ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፤ ይህ ትራንስ የተባለው ነው። 13 ዲግሪ ላይ ይቀልጥ የነበረው ኦሌይክ አሲድ ትራንስ ሲሆን 45 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚቀልጠው። በወረቀት ላይ የአቶሞቹ ብዛት አንድ ስለሆነ ያልተሞላ ቅባት ተብሎ ይቆጠር ነበር፤ ከቅቤ ይሻላል እየተባለም ይሸጥ ነበር።

ፍሬድ ኩመሮ የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1957 ይህ ቅባት በሰው አካል ውስጥ እንደሚገኝ ጻፈ። ለረጅም ጊዜ የሰማው ጥቂት ነበር። በ1990 መንሲንክና ካታን የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች ትራንስ ቅባት ጎጂውን የኮሌስትሮል ዓይነት ከፍ፣ ጠቃሚውን ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ። ዴንማርክ በ2003 በሕግ ወሰነችው። ኩመሮ ዕድሜው ከ90 ካለፈ በኋላ፣ በ2009፣ ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አቤቱታ አቀረበ። መልስ ሲዘገይበት ከሰሰ፤ በ2015 ባለሥልጣኑ በከፊል በሃይድሮጅን የረጋ ዘይት ለምግብነት ደኅንነቱ የተረጋገጠ አይደለም ሲል ወሰነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንደገለጸው በትራንስ ቅባት ምክንያት በየዓመቱ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞተው ሕዝብ ከ500,000 በላይ ነው። ኩመሮ በ2017 ሲሞት 102 ዓመቱ ነበር። ሼቭረልም በ1889 የሞተው በ102 ዓመቱ መሆኑን ሳነብ፣ ስብን መመርመር ዕድሜ ይሰጣል እንዴ ብያለሁ።

ወደዚያ ክፍል ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። እጩ መምህሩ የተነጠረ ቅቤ፣ የኑግ ዘይትና ከሱቅ የተገዛ የፓልም ዘይት በሦስት የሙከራ ቱቦ አድርጎ፣ መጀመሪያ ከቀዝቃዛ፣ ቀጥሎም ቀስ በቀስ ከሚሞቅ ውሃ ውስጥ አቁሟቸው ነበር። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ቴርሞሜትሩን ያነባሉ። ቅቤው በአንድ የሙቀት መጠን ላይ ሳይሆን ከመለስለስ ጀምሮ ፈጽሞ እስኪፈስ ብዙ ዲግሪ ፈጀበት። «ንጹሕ ነገር በአንድ ነጥብ ላይ ይቀልጣል ብለውን ነበር» አለ አንዱ፤ ከዚያም ቅቤ የብዙ ቅባቶች ቅልቅል መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። ያችው ልጅ ደግሞ እጇን አወጣች። «ፓልሙስ ዘይት ከተባለ ለምን ረጋ? ሃይድሮጅን ገብቶበት ነው?» እጩ መምህሩ በዚህ ጊዜ አልቸኮለም። ፓልም ሃይድሮጅን ሳይገባበትም በቀዝቃዛ ቦታ እንደሚረጋ፣ ይኸውም ከመቶ 44 ያህሉ ፓልሚቲክ የሚባል 16 ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ አሲድ ስለሆነ መሆኑን በሰሌዳው ላይ ሰንሰለቱን እየሣለ አስረዳት።